በሹም ፊት የቆመ እምነት፦ ከቂሣርያ ችሎት እስከ ጌዴኦ ምድር

የክርስትና እምነትን በባለሥልጣን ፊት ቆሞ ማስረዳት በጌዴኦ ምድር ከስብከት መድረክ የሚሰማ ትምህርት ከመሆኑ በፊት በሹም ደጅ፣ በአውራጃ ጽሕፈት ቤትና በቀበሌ አዳራሽ የተፈተነ ጉዳይ ነበረ። ሊቃውንት ዕቅበተ እምነት የሚሉት፣ እምነትን ከክስና ከነቀፋ የመጠበቅ ሥራ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሁለት ወገኖች መጽሐፍ ገልጠውና ጥቅስ ከጥቅስ አመሳክረው የሚያደርጉት የእኩዮች ክርክር ሆኖ ነው። በሹም ፊት የሚሰጠው መልስ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጠያቂው የወህኒ ቤት ቁልፍ፣ አንዳንዴም የመሬት መዝገብ በእጁ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ተጠያቂው ደግሞ ነገ ለግብር፣ ለድንበር ክርክር ወይም ለልጁ ጉዳይ ወደዚያው ደጅ መመለሱ የማይቀር ገበሬ ወይም ነጋዴ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ችሎት የመሠረተ እምነት ትንታኔ ሩቅ አይወስድም። የጌዴኦንም ሆነ የመላ ኢትዮጵያን ታሪክ በቅርብ ለሚመረምር ሰው ጎልቶ የሚታየው፣ በሹም ፊት ጸንተው የቆሙ ሰዎች «ምን አጠፋህ?» የሚለውን ጥያቄ «የማን ወገን ነህ?» ከሚለው ለይተው ማየታቸው፣ ለፊተኛው በዝርዝር መልሰው በኋለኛው ላይ ግን ለድርድር አለመቀመጣቸው ነው።

ጌዴኦ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረችውን ዲላን ዋና ከተማው አድርጎ፣ ቡናና እንሰት ከትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር አብረው በሚበቅሉባቸው ተዳፋቶች ላይ የሚኖር ሕዝብ አገር ነው፤ ይኸው የአዘራርና የአኗኗር ሥርዓት መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቀደሙት መዛግብት «ደራሳ» በሚል ስም የሚጠራው ይህ ምድር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለል የገባር ሥርዓት ተተክሎበታል። ገባርነት ማለት ገበሬው ከነመሬቱ ለወታደርና ለሹም ተደልድሎ ምርቱንና ጉልበቱን የሚገብርበት አሠራር ስለ ነበረ፣ ሹም ማለት ለጌዴኦ ገበሬ ዳኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ የመሬት ጌታም ነበር። በአንጻሩ ሕዝቡ የራሱ የዳኝነት ወግ ነበረው። ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ጠብና በደል ቀርቦ የሚመረመርበት፣ ማጌኖ እየተባለ የሚጠራው የሰማይ አምላክም የሚለመንበት ስፍራ በመሆኑ፣ በዳኛ ፊት ቆሞ እውነትን መናገር ከአምልኮ ጋር የተያያዘ ነገር እንደ ሆነ የጌዴኦ ሰው ወንጌል ከመስማቱ በፊትም ያውቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወንጌል ሚስዮናውያን ወደ ዲላ የደረሱበት መንገድ ራሱ ከባለሥልጣን ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነበር። መንግሥት ነሐሴ 1936 ዓ.ም. ያወጣው የሚስዮን ሥራ ድንጋጌ አገሪቱን በሁለት ከፍሎ፣ አብዛኛው ሕዝብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሆነበትን አካባቢ «የቤተ ክርስቲያን ክልል»፣ የቀረውን ደግሞ «ክፍት ክልል» ብሎ ሰየመ። በፊተኛው ሚስዮኖች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ከመክፈት አልፈው የራሳቸውን እምነት እንዳያስተምሩ ሲከለከሉ፣ በሁለተኛው መስበክ ተፈቅዶላቸዋል፤ ይህም ሆኖ የሚሠሩበትን ቦታ የሚወስነው መንግሥት ነበር። ሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የተባለው ድርጅት አልበርት ብራንትንና ግሌን ኬይንን ወደ ጌዴኦ ሊልክ ሲያስብ፣ ነገሩን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ወዳጆች በምድሪቱ እምብርት ላይ ቦታ ቢጠይቁ እንደሚከለከሉ፣ ዳር ላይ ያለችውን ዲላን ብቻ ቢለምኑ ግን ተቃዋሚዎች እንደማይነቁባቸው መክረዋቸዋል። ምክሩ ሠርቶ ሁለቱ ሰዎች በ1941 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ታኅሣሥ 1948፣ በአሮጌ የጭነት መኪና ዲላ ደርሰው ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር ድንኳናቸውን ተከሉ። ዋራሳ ዋንጌ የተባለ ከጌዴኦ የባላባት ወገን የሆነ ሰው ከዓመታት በፊት ማጌኖ ራሱን እንዲገልጥለት ሲለምን፣ ሁለት ነጮች ከዛፍ ሥር መጠለያ ሲሠሩ በራእይ አይቶ ነበር የሚለው ታሪክ ደግሞ በአሜሪካዊው ጸሐፊ በዶን ሪቻርድሰን መጽሐፍ አማካይነት በዓለም ተሰራጭቷል። በአብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የራእዩ ታሪክ ሺሕ ጊዜ ሲነገር የፈቃዱ ታሪክ እምብዛም አይነሣም፤ ከያዝነው ጉዳይ አንጻር ግን ሁለተኛው ይበልጣል፤ የጌዴኦ ቤተ ክርስቲያን ገና ሳትወለድ ከባለሥልጣን ጋር በብልሃት መነጋገርን ተምራለችና።

የዚያው ድንጋጌ ሌላ አንቀጽ ሳይታሰብ ያፈራው ፍሬ አለ። ሚስዮኖች በአማርኛ እንዲያስተምሩ፣ ሕዝቡ አማርኛ እስኪለምድ ብቻ በአካባቢው ቋንቋ እንዲጠቀሙ የታዘዘው አገሪቱን በአንድ ቋንቋ ለማስተሳሰር ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን ክስ የሚጻፈውም፣ ቃል የሚሰጠውም፣ ፍርድ የሚነበበውም በአማርኛ ስለ ነበረ፣ ከአስተርጓሚ አፍ ተንጠልጥሎ የኖረው የጌዴኦ ገበሬ ማንበብ የተማረ ልጁን ይዞ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የነገሩ ሚዛን ተለወጠ። በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍም ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሲያዝ የሻለቃው አመለካከት የተለወጠው እስረኛው ግሪክኛ መናገሩን በሰማ ጊዜ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል፤ የሹምን ቋንቋ የሚያውቅ ተከሳሽ ቢያንስ ምን እንደ ተባለበት ያውቃል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠሮች የአዲሶቹ አማኞች የክስ ዝርዝር ከስፍራ ስፍራ ብዙም አይለያይም ነበር፦ «የፈረንጅ ሃይማኖት ተከታይ»፣ «ፀረ ማርያም»፣ «ጾም ሻሪ»፣ «ሕዝብ ሰብስቦ የሚያሳድም»። ከእነዚህ ስሞች በስተ ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነበረ። ማንበብ የጀመረ ገበሬ የግብር ደረሰኙን ያነባል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ሰው ስለ ኑሮውም ማውራቱ አይቀርም፤ የቡና ዋጋ ባደገበት ዘመን ደግሞ የመሬት ጌቶችና የጪሰኞች ፍጥጫ በየቦታው ይጋጋል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚችሌ በመሬት ጌቶች ላይ ያነሡት ዐመፅና የደረሰባቸው እልቂት ይህ ፍጥጫ ምን ያህል የመረረ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዐመፁን ሃይማኖት አስነሣው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ አየር ውስጥ አንድ አማኝ ስለ እምነቱ ሲጠየቅ የዳኛው ጆሮ ስለ መሬትም እያዳመጠ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። ስለዚህ በጣም የሚረዳው መልስ ግብሩን የከፈለ፣ ድንበር ያልገፋ፣ በሐሰት ያልመሰከረ ሰው መሆኑን ጎረቤት በምስክርነት ቆጥሮ ማሳየት ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ችሎት ነው።

ከጌዴኦ አስቀድሞ ይህን መንገድ የሄዱት የወላይታ አማኞች ነበሩ። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሠራተኞች በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከሶዶ ለቀው ሲወጡ የተጠመቁ 48 ሰዎችን ብቻ ትተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በጣሊያን ሹማምንት ተይዞ በሕዝብ ፊት ተገርፏል፤ ታስሯልም። እምነቱን ትቶ ስብሰባውን እንዲበትን ሲታዘዝ እምቢ ማለቱ፣ በወህኒም ሆኖ ማስተማሩን አለማቋረጡ በደቡብ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ለትውልድ ሲነገር ኖሯል። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት በሺሕ የሚቈጠር ጉባኤ ነበር፤ ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ አጎራባች ሕዝቦች ወጡ፤ በየደረሱበትም ከሹም ጋር መጋፈጥ አልቀረላቸውም።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያነበቡት፣ ማንበብ የማይችሉትም ሲነበብላቸው የሰሙት አንድ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ጳውሎስ በቂሣርያ በሮማውያን ገዢዎች ፊት ያቀረበው መከላከያ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 እንደ ተጻፈው ከሳሾቹ ጠርጠሉስ የሚባል ጠበቃ ቀጥረው መጡ፤ ጠበቃውም አገረ ገዢውን ፊልክስን ስለ ሰላሙና ስለ አርቆ አስተዋይነቱ እያወደሰ ጀምሮ፣ ጳውሎስን የሁከት ቀስቃሽ፣ የናዝራውያን ወገን መሪና ቤተ መቅደስ ሊያረክስ የሞከረ አድርጎ ከሰሰው። የጳውሎስ አመላለስ የቀድሞውን የኢትዮጵያ የሙግት ወግ፣ «በላ ልበልሃ» የሚባለውን የአደባባይ ክርክር ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይሆንም። መጀመሪያ ዳኛው አገሩን ለብዙ ዓመታት እንደሚያውቅ በአጭሩ ጠቅሶ ከበሬታውን ሰጠ፤ የውዳሴ ጋጋታ ግን አልጨመረም። ቀጥሎ ጊዜ ቈጠረ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ከ12 ቀን እንደማይበልጥና ይህም ሊጣራ እንደሚችል አመለከተ። ከዚያ ቦታ ቈጠረ፤ በቤተ መቅደስም፣ በምኵራብም፣ በከተማም ሕዝብ ሲያሳድም ማንም እንዳላገኘው ተናገረ። የከሰሱት ዋነኞቹ ምስክሮች በችሎቱ አለመገኘታቸውንም አልዘለለውም። ይህን ሁሉ ካስተካከለ በኋላ ብቻ አንድ ነገር በፈቃዱ አመነ፤ እነርሱ ኑፋቄ በሚሉት መንገድ የአባቶቹን አምላክ እንደሚያመልክና የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እንደሚያደርግ ተናገረ። ጥፋት ተብሎ ለቀረበው ክስ ማስረጃ ጠየቀ፤ ለእምነቱ ግን ራሱ ምስክር ሆነ።

ፊልክስ ነገሩን በይደር አቆየው። እየደጋገመ እያስጠራ ያነጋግረው የነበረውም ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ስላደረገ መሆኑን ጸሐፊው ሳይሸሽግ ያስቀምጣል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው አባባል በሮም ግዛትም ይሠራ ነበር ማለት ነው። ጳውሎስ 2 ዓመት ታስሮ ጉቦ አልከፈለም፤ በፊልክስ እግር የተተካው ፊስጦስ ጉዳዩን ወደ ኢየሩሳሌም ሊመልሰው ባሰበ ጊዜ ደግሞ የሮማ ዜግነቱ በሚሰጠው መብት ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ትልቅ ነው፤ መከራን መቀበል ክርስቲያናዊ ነው ብሎ የሕግ መብቱን የሚተው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም፤ ሐዋርያው ሕጉ የሰጠውን በር ሁሉ አንኳኩቷል። ወንጌል በነገሥታትና በገዢዎች ፊት ስትቀርቡ ምን እንናገር ብላችሁ አትጨነቁ የሚል መንፈስ ያለው ትምህርት መያዙ ይታወቃል፤ የጴጥሮስ መልእክት ደግሞ ለሚጠይቅ ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት ዘወትር መዘጋጀትን ያዛል። አለመጨነቅና መዘጋጀት እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ከጳውሎስ የቂሣርያ ንግግር የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ በታናሽ እስያ የነበረው የሮም አገረ ገዢ ፕሊኒ ክርስቲያን ተብለው የተከሰሱትን ሦስት ጊዜ እየጠየቀ፣ ያልካዱትን እንደሚያስገድል ለንጉሠ ነገሥት ትራያን ጽፏል፤ ሰዎቹ የሚቀጡት በስማቸው ነው ወይስ በሠሩት ወንጀል ብሎ መጠየቁ ግን ገዢው ራሱ ግራ እንደ ገባው ያሳያል። ፈላስፋው ዮስጢኖስ ሰማዕት እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ ለንጉሠ ነገሥት አንቶኒኖስ ፒዮስ በጻፈው መከላከያ ይህንኑ ጉዳይ ይዞ፣ ስም ብቻውን ጥፋተኛ ወይም ንጹሕ እንደማያደርግ፣ ሰው ሊመረመር የሚገባው በሥራው እንደ ሆነ ተሟግቷል። ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ165 ገደማ በሮም ተሰይፏል፤ የሙግቱ ነጥብ ግን አሥራ ስምንት መቶ ዓመታት ተሻግሮ፣ ደራሲውን ሰምተው በማያውቁ የኢትዮጵያ ገበሬዎች አፍ ተደግሟል።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ለዚህ ሙግት ባዕድ አልነበረችም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በዱድያኖስ ፊት፣ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በመኰንኑ ፊት ያሳዩት ጽናት በስንክሳርና በገድላት እየተነበበ ሕዝቡ ሲሰማው የኖረ ነው። ከገድል ወደ አገር ታሪክ ሲመጣ ደግሞ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ይጠቀሳሉ። እነዚህ መነኰሳት ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው በማለታቸው በነገሥታት ፊት ቀርበው ተከራክረዋል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንም እጅግ የከፋ ቅጣት ደርሶባቸዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው ሲያሳትሙ ለመጽሐፉ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» የሚል ስም መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሕግ አምላክ ማለት በአገሩ ወግ ማንኛውም ሰው፣ ሹሙም ጭምር፣ እንዲቆም የሚያስገድድ ጥሪ ነውና። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት አገር ንጉሡን በአምላክና በሕግ ስም ማስቆም የደፈሩ መነኰሳት መኖራቸው፣ በሹም ፊት ስለ እምነት መናገር ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚለውን አስተያየት ያፈርሰዋል።

የአቡነ ጴጥሮስ ችሎት ደግሞ በማንም ኢትዮጵያዊ ዘንድ የታወቀ ነው። በግንቦት 1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣሊያን የጦር ፍርድ ቤት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸውና በጥይት ተደበደቡ። ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ለጣሊያን ካደሩ እርሳቸው ብቻቸውን ለምን እንዳመፁ ሲጠየቁ፣ ቄርሎስ የውጭ አገር ሰው እንደ ሆኑ፣ እርሳቸው ግን ስለ አገራቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ኀላፊነት ያለባቸው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን እንደ መለሱ ይነገራል። እዚህ ላይ እምነትና አገር በአንድ መልስ ውስጥ ተጣምረዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ያችን ሰዓት መርጦ ተውኔት የጻፈላት ለዚህ ይመስላል።

ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የአምልኮ ሥርዓት ለፖለቲካ መጠቀሚያ እስካልሆነና የሕዝብን ጸጥታና መልካም ጠባይ እስካልነካ ድረስ በሕግ መሠረት ያለ መሰናክል እንዲፈጸም ደንግጎ ነበር። አንቀጹ ግን በወረቀት ሰፊ፣ በተግባር ጠባብ ነበር። ሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የተባለችው ማኅበረ ምእመናን በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ጠይቃ ተከልክላ፣ ነሐሴ 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአምልኮ ላይ ሳሉ 250 የሚያህሉ ሰዎች ተይዘው ያለ ፈቃድ በመሰብሰብ ተከሰሱ። የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያው የቂሣርያው ነው፤ መንግሥት ስብሰባውን ወንጀል ሲለው፣ ተከሳሾቹ አምልኮ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም ይጠብቀዋል አሉ።

በደርግ ዘመን የነገሩ ክብደት ለየት ያለ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጌዴኦን ጪሰኛ ከመሬት ጌታው ነጻ ያወጣው ስለ ነበር ብዙ አማኞችም በደስታ ተቀበሉት። ችግሩ የመጣው አብዮቱ መሬቱን ከሰጠ በኋላ ልብንም በጠየቀ ጊዜ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ግራ እጅ አንሥቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ማለት ለብዙ ሰው ተራ መፈክር ቢሆንም፣ ለአማኙ ከሁሉም በላይ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የእምነት ጥያቄ ሆኖበት ነበር። ካድሬው፣ ማለትም ሕዝቡን በፖለቲካ የሚያነቃው ሹም፣ ዝም ያለውን እየለየ «ጴንጤ»፣ «መጤ ሃይማኖት»፣ «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ»፣ «ፀረ አብዮት» ይለው ጀመር። በዚያ ሰዓት የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነበር፤ አማኙ በኅብረት ሥራው ያለበትን የሥራ ድርሻ፣ የከፈለውን መዋጮ፣ ለዘመቻ የላከውን ልጅ እየቈጠረ መንግሥትን እንደሚታዘዝ ያስረዳል፤ አምላኩን ከአብዮት በታች የሚያደርገውን ቃል ግን ከአፌ አላወጣም ይላል። መፈክሩን ቃሉን ሳይናገሩ ከንፈር በማንቀሳቀስ ያለፉትም ነበሩ፤ ተጨንቀው ወረቀት የፈረሙም፣ ኋላ በጉባኤ ፊት አልቅሰው የተመለሱም ነበሩ። የምስክርነት መጻሕፍት እነዚህን ሰዎች በቶሎ ያልፏቸዋል፤ ነገር ግን እነርሱን ያላየ የጸኑትንም ዋጋ በቅጡ ሊመዝን አይችልም።

ከሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሥራ የተወለደችው የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች በጌዴኦም እንደ ሌላው የደቡብ አካባቢ በእነዚያ ዓመታት ተዘጉ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ ምእመናንም በየጓዳውና በቡናው ሥር ለጸሎት ተሰበሰቡ። ከዚህ ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባው፣ ስደቱ አንዱን ቤተ እምነት ብቻ የነካ አለመሆኑ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ከታሰሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ተገደሉ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመንገድ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ሁለቱም ክስ አልተነበበላቸውም፤ መልስ የሚሰጡበት ችሎትም አልተሰየመላቸውም። የአስከሬናቸው ስፍራ የታወቀው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ፕሊኒ እንኳ ተከሳሹን ሦስት ጊዜ ጠይቆ ነበር፤ ከዚህ አንጻር ያለ ጥያቄ የሚገድል ሹም ከሮማዊው አገረ ገዢ በታች የወረደ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከዚህ ታሪክ በኋላ ሲነበብ አንዳንድ አንቀጾቹ ሕይወት ይዘራሉ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የመግለጽና የማስተማር ነጻነት እንዳለው ይደነግጋሉ። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት ያለው ሲሆን፣ የሚናገረው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው፣ በ48 ሰዓትም ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። አንቀጽ 20 ደግሞ በራሱ ላይ እንዲመሰክር የማይገደድ መሆኑን፣ በጠበቃ የመወከልና አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ይጨምራል። ይህ ለተራ አማኝ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ስለ እምነቱ ሲጠየቅ በፈቃዱ መልስ መስጠት ይችላል፤ ሰው ደበደብህ፣ አጥር አፈረስህ ወይም የሌላውን እምነት አዋረድህ ተብሎ ሲጠረጠር ግን ነገሩ የወንጀል ክስ ነውና ጠበቃ እስኪያማክር ዝም ማለቱ እምነትን መካድ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 የተፈቀደ የሃይማኖት ሥርዓትን በአደባባይ ማወክንና ማንቋሸሽን፣ የአምልኮ ስፍራንና ንዋያትንም ማርከስን በቅጣት ስለሚከለክል፣ በገበያ መካከል በድምፅ ማጉያ የጎረቤቱን እምነት የሚዘልፍ ሰባኪ ሲያዝ ራሱን ከዋንዳሮ ዳባሮ ጋር ማነጻጸሩ አያዛልቀውም። የጴጥሮስ መልእክት የጠየቀው የዋህነት እዚህ ጋ ከሕጉ ጋር ይገጥማል።

ይሁን እንጂ በዛሬው ጌዴኦ የነገሩ አቀማመጥ ተገልብጧል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የዞኑን ሕዝብ ከ840 ሺሕ በላይ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ከአሥር ሰው ሰባቱ ፕሮቴስታንት፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንና ባህላዊ እምነት የያዙት ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጉ ነበሩ። የትናንቱ ተከሳሽ የልጅ ልጅ ዛሬ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የወረዳ ዳኛ ወይም የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች የሃይማኖት ጉዳይ ወደ መንግሥት ቢሮ በብዛት የሚገባውም የአምልኮ ቦታና የመቃብር ቦታ ጥያቄ ሆኖ፣ ካርታና ደብዳቤ ተያይዞበት፣ ባለጉዳዩ በየመስኮቱ ደጅ እየጠና ነው። በዲላም ሆነ በይርጋጨፌ ቁጥራቸው ያነሰ ምእመናን ያሉት ካህን፣ ኢማም ወይም የሶንጎ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ይዞ ሲቀርብ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ሹም እሑድ በጉባኤው ፊት የጳውሎስን መከላከያ የሚያነብ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፊልክስም ፊስጦስም የመሆን ዕድሉ በእርሱ እጅ ነው፤ ማመልከቻውንም በሕጉ መርምሮ ሊፈርምበት ወይም እንደ ፊልክስ በይደር ሊያቆየው ይችላል።